ስልሳ ልጅ፣ አንድ ኳስና አንድ ፊሽካ

እንደሚታወቀው ለማስተማር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስንመደብ ከሁሉ ቀላል ዕጣ ተደርጎ የሚታየው የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነው። ሒሳብ የደረሰው እጩ መምህር ሌሊቱን ሲያሰላ ያድራል። አማርኛ የደረሳት ምንባቡን ስትደጋግም ይነጋባታል። ሰውነት ማጎልመሻ የደረሰው ግን ፊሽካ ተውሶ ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል። «ምን አለው! አሰልፎ ማሯሯጥ ነው» ይባላል። የዛሬውን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን ያቀረብነው ይህችን «ምን አለው» የምትል አባባል ለመሞገት ነው።

ነገሩን እንደምናየው እንግለጸው። ደወል ይደወላል፤ ስልሳ ልጆች ሜዳ ይወጣሉ። መምህሩ ፊሽካ ነፍቶ በአራት ረድፍ ያሰልፋቸዋል። ሰልፉ እስኪቃና አምስት ደቂቃ፣ እጅ ወደ ላይ እጅ ወደ ጎን ሲባል ሌላ አምስት ደቂቃ ያልፋል። ከዚያ ኳሷ ትመጣለች። ኳሷ አንዲት ናት፤ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ በፊርማ የወጣች ናትና እንደ ዕንቁላል ትያዛለች። በዕለቱ የትምህርት ዕቅድ ላይ «ዓላማ፦ ኳስን በእግር ውስጠኛ ጎን ማቀበል» ተብሎ ተጽፏል። ፊት ያለው ልጅ ይመታል፣ ማዶ ያለው ይመልሳል፣ የመታው ዞሮ ከሰልፉ ኋላ ይቆማል። ቀጣዩ ይመጣል። ገምጋሚው መምህር ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው «የክፍል ቁጥጥር» ከሚለው ፊት «በጣም ጥሩ» ብለው ይጽፋሉ።

እስቲ ሒሳብ የደረሰውን ጓደኛችንን እናስቸግረው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አሥሩ በሰልፍና በማሟሟቂያ አለቀ፤ 30 ደቂቃ ቀረ፤ ይኸውም 1800 ሰከንድ ነው። አንድ ልጅ ኳሷን አስተካክሎ፣ መትቶ፣ ለሚቀጥለው እስኪለቅ 20 ሰከንድ ቢፈጅ በጠቅላላው 90 ተራ ይገኛል። ለ60 ልጅ ሲካፈል ለያንዳንዱ አንድ ተኩል ተራ ይደርሰዋል። ግማሽ ተራ ምን ማለት እንደሆነ እኛም አናውቅም፤ ግን ቁጥሩ ያው ነው። አንድ ልጅ ለኳስ ትምህርት ሜዳ ወጥቶ 30 ሰከንድ ተማረ፣ የቀረውን የጓደኛውን ጀርባ ሲያይ ዋለ ማለት ነው። ማንበብ የምናስተምር መምህራን ሆነን በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ አንድ መስመር ተኩል ብቻ ቢያነብ ዝም እንል ነበር?

ደግሞ የሚገርመው ሌላ ነው። እንዲያ በሰልፍ የፈዘዙት ልጆች የዕረፍት ደወል ሲደወል ምን እንደሚያደርጉ ከመካከላችን ያላየ የለም። ከአንዱ ኪስ የካልሲ ኳስ ትወጣለች። ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል። ማን ከማን ጋር እንደሚሆን በአንድ ደቂቃ ይደለደላል፤ መምህር አያስፈልግም፣ ፊሽካም አያስፈልግም። ቅድም በሰልፉ ፊት ቆሞ ኳሷን በአውራ ጣቱ የመታት ልጅ፣ አሁን ሁለት ልጅ ሲመጣበት ዞር ብሎ በእግሩ ውስጠኛ ጎን ለጓደኛው ሲያቀብል ይታያል። ማን አስተማረው? መሀል ሜዳ ላይ ተከቦ ሌላ መውጫ ስላልነበረው ነዋ።

የኛ ክርክር ከዚህ ላይ ይጀምራል። የኳስ ጨዋታ ክህሎት የእግርና የእጅ ነገር ብቻ አይደለም። ማየት፣ መምረጥ፣ ከዚያ ማድረግ ነው። በሰልፍ የቆመ ልጅ የሚያየው ነገር የለም፤ የሚመርጠውም የለም፤ ኳሱን ለማን እንደሚያቀብል መምህሩ ቀድመው ወስነውለታል። የተማረው የእግር እንቅስቃሴን ብቻ ነው። ያቺን እንቅስቃሴ ወደ ጨዋታ ወስዶ ሊጠቀምባት ሲፈልግ ግን ከፊቱ ተቃዋሚ ቆሟል፣ ጓደኛው ሮጧል፣ መሬቱ ያዘነብላል። ያኔ የሰልፉ ትምህርት ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም። በእንግሊዝ አገር በላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንን ያሠለጥኑ የነበሩት ዴቪድ ባንከርና ሮድ ቶርፕ በ1974 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1982) አንድ ጽሑፍ አወጡ። የተመለከቱት ነገር እኛ ከምናየው ብዙም አይርቅም። ተማሪዎች ዓመት ሙሉ ቴክኒክ ሲለማመዱ ይቆያሉ፤ ጨዋታው ሲጀመር ግን ምን እንደሚያደርጉ ግራ ይገባቸዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ አሉ። መጀመሪያ ለልጁ ዕድሜ ተለክቶ የተቀነሰ ጨዋታ ይሰጥ፤ ሜዳው ይጥበብ፣ ተጫዋቹ ይነስ፣ ሕጉ ይቅለል። ልጁ እየተጫወተ «የት ልቁም? መቼ ላቀብል?» የሚል ጥያቄ ይግጠመው። ክህሎቱን የምናስተምረው ልጁ ራሱ ሲያስፈልገው ነው። ካስተማርነው በኋላ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ይህ አካሄድ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች በመምህራን ማሠልጠኛዎች ገብቷል።

ከነሱም በኋላ የመጡ ሰዎች ጨዋታዎችን በአራት ቤተሰብ ከፍለዋቸዋል። አንደኛው የባላጋራን ሜዳ ወርሮ ጎል ማግባት ነው፤ እግር ኳስ፣ እጅ ኳስና ቅርጫት ኳስ ከዚህ ናቸው። ሁለተኛው በመረብ ተለያይቶ መጫወት ነው፤ መረብ ኳስ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ። ሦስተኛው መትቶ መሮጥ፣ አራተኛው ዒላማ መምታት ነው። ይህ ክፍፍል ለኛ ለእጩ መምህራን ትልቅ ጥቅም አለው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉት ጨዋታዎች ጥያቄያቸው አንድ ነው። በእጁ እያቀበለ ባዶ ቦታ መፈለግ የለመደ ልጅ በእግሩ ሲጫወትም ያንኑ ይፈልጋል። እንግዲህ ኳስ መንዳት ያልቻለ ልጅ በእጅ ይጀምር ማለት ነው፤ ምን ክልከላ አለ?

የእንግሊዙን ስናነሳ «የፈረንጅ ነገር መጣ» የሚል አይጠፋም። ኧረ የኛውስ! ገና ምንድን ነው? በበዓሉ ሰሞን ሁለት ወገን ተከፍሎ፣ የተቆለመመ ዱላ ይዞ፣ ሩሯን እያሳደደ የሚጫወተው ሰው ማንም ሳያሰልፈው ቦታ መያዝ ተምሯል። ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ልጅ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅንና ጉልበት አጥፎ ማረፍን ታውቃለች፤ ይህ የርዝመት ዝላይ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ሱዚ የሚዘሉት በየደረጃው ከፍ እያደረጉ ይሄዳሉ። በብዙ ከተሞች ፔፕሲ በሚባለው ጨዋታ ሁለቱ ከዳር ሆነው በካልሲ ኳስ መሀል ያለችውን ሊመቱ ይወረውራሉ፤ እሷ ታጎነብሳለች፣ ትዘላለች፣ ከቻለችም ትቀልባለች። መወርወር፣ መቅለብ፣ ማምለጥ በአንድ ጊዜ! ቅልብልቦሽ ዓይንና እጅን ያገናኛል። አባሮሽማ አይነገርም፤ አቅጣጫ መቀያየርን ከአባሮሽ የበለጠ የሚያስተምር መልመጃ ያለው ካለ ያምጣልን። በየመንደሩ ደግሞ እኛ ስማቸውን የማናውቃቸው ሌሎች አሉ። ለልምምድ የሄደ እጩ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹን «ምን ትጫወታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ የግማሽ ዓመት የትምህርት ዕቅድ በነጻ ያገኛል።

ወደ ተግባሩ እንግባ። በሸዋ ቤንች አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ልጆች ጋር የሞከርነው «ሦስት ለአንድ» የሚባለውን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አራት አራት ልጅ ይቧደናል። ለያንዳንዱ ቡድን ስምንት እርምጃ በስምንት እርምጃ የሆነ ቦታ በድንጋይ ይከለላል። ሦስቱ ኳሱን ይቀባበላሉ፤ አንዱ መሀል ገብቶ ሊነጥቅ ይሞክራል። የተነጠቀበት መሀል ይገባል። ሳይነጠቁ አምስት ጊዜ ከተቀባበሉ አንድ ነጥብ ነው። በቃ፤ ሕጉ ይኸው ነው። በቤንችኛ ማስረዳት የምትችል አንዲት ልጅ ለጓደኞቿ ስትተረጉምላቸው ከኛ ባጠረ ቃል ጨረሰችው።

የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ትርምስ ነው፤ አንደብቅም። ሦስቱም ኳሱ ወዳለበት ይሮጣሉ፤ መሀል ያለው ያለ ድካም ይነጥቃል። ከዚህ ላይ መምህር የሚያስፈልገው። ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ትእዛዝ የለም፤ ጥያቄ ነው ያለው። «ለምን ተነጠቃችሁ?» ዝምታ። «ኳስ የያዘው ለማን ሊሰጥ ይችል ነበር?» አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ለማንም፤ ሁላችንም እሱ ጋ ነበርን» አለ። «ታዲያ የት ብትቆሙ ይሻል ነበር?» እጆች ወጡ። «ራቅ ብለን!» «ግራና ቀኝ!» ማንም ያልነገራቸውን የቦታ አያያዝ ትምህርት ራሳቸው ተናገሩት። ጨዋታው ቀጠለ። አሁን ተራርቀው ቆሙ፤ ግን ሌላ ችግር መጣ፤ ኳሱ ከተቀባዩ አጠገብ አይደርስም ወይም በጎኑ ያልፋል። እንደገና ፊሽካ። በእግር ውስጠኛ ጎን እንዴት እንደሚቀበል፣ የቆመው እግር ወደየት እንደሚያይ ያሳየናቸው ያኔ ነው። ሦስት ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለመዱት። በሰልፍ ያየነው ያ የፈዘዘ ዓይን አልነበረም፤ ለምን እንደሚለምዱት አውቀውታልና ቶሎ ወደ ጨዋታቸው ለመመለስ ይጣደፉ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንመልሰው። 60 ልጅ በአራት አራት ሲሆን 15 ቡድን ነው። ከ40ው ደቂቃ 20ው ብቻ ጨዋታ ቢሆን 1200 ሰከንድ ነው። በየአምስት ሰከንዱ አንድ ቅብብል ቢደረግ ለያንዳንዱ ቡድን 240 ቅብብል፣ ለያንዳንዱ ልጅ 60 ይደርሳል። ግማሹን በመሳቅና ኳስ በማባረር ቢያባክኑት 30። ያም አንድ ተኩል ከምትለው ጋር አይወዳደርም።

«15 ኳስ ከየት ይመጣል?» ነው የሚቀጥለው ጥያቄ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአካባቢያችን ሞልቷል። ያረጀ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቆ መስፋት ማንም ልጅ ያውቀዋል። የደረቀ የሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ በእንሰት ቃጫ ማሰርም ይቻላል። እውነት ነው፣ የጨርቅ ኳስ አይነጥርም፤ ስለዚህ ቅርጫት ኳስን ለማንጠር አይሆንም። ለማቀበል፣ ለመወርወር፣ ለመቅለብና ለመምታት ግን ለትንንሽ ልጆች ከቆዳው ኳስ ይሻላል እንላለን። አያምም፤ ስለዚህ ሲወረወርላቸው ፊታቸውን አያዞሩም። ሩቅም አይንከባለልም። ይህች ሁለተኛዋ ለኛ አገር ቀላል ነገር አይደለችም። እዚህ ሜዳው ሁሉ ተዳፋት ነው፤ የቆዳ ኳስ አንዴ ካመለጠ ቁልቁል ወርዶ ቡና ውስጥ ይገባል። ከቡናው ስር ኳስ ፍለጋ የጠፋ ደቂቃ ቢደመር ስንት ክፍለ ጊዜ ይወጣው ነበር!

ዝናቡስ? ከሚዛን እስከ ቴፒ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ ሜዳው ጭቃ በሆነ ቁጥር ሰውነት ማጎልመሻ እየተሰረዘ ለሒሳብ ማካካሻ ሲሰጥ እናያለን። ለዚህም ጨዋታ ይሻላል። ሰልፍ ያለ ሜዳ አይሆንም፤ ዒላማ መምታት ግን በክፍል ውስጥ ይሆናል። የተጨማደደ ወረቀትና ቡና የሚለቀምበት ቅርጫት ካለ፣ ከቅርብ ጀምሮ እያራቁ መወርወር ነው። ቅርጫት ኳስ ራሱ የተወለደው እንዲህ ነው። በዲሴምበር 1891 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በወ.ወ.ክ.ማ. ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ጄምስ ናይስሚዝ ብርዱ ከቤት ያስቀራቸው፣ በጂምናስቲክ ልምምድ የሰለቹ 18 ሠልጣኞች ነበሩት። የኮክ መሰብሰቢያ ቅርጫት ሁለት ቦታ ሰቀለ፣ 13 ሕግ ጻፈ፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ አጫወታቸው፤ ኳሱም የእግር ኳስ ነበር። ልብ በሉ፤ ጨዋታው የተፈለሰፈው በመምህር፣ በማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ፣ ሰልፍና ልምምድ ባሰለቻቸው ሠልጣኞች ምክንያት ነው። እኛም ቅርጫቱ አለን።

ስለ ፊሽካ ካነሳን አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ቤንችኛ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃል ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት አምስት የድምፅ ደረጃ ቆጥረውበታል። ተናጋሪዎቹ በፉጨትም ይነጋገሩበታል። በፉጨት ሐሳብ የሚለዋወጥ ሕዝብ ልጆች ፊት ቆሞ ፊሽካን ለ«ተሰለፍ» ብቻ የሚጠቀም መምህር ሲታይ ትንሽ ያስቃል። አንድ አጭር «ቁም»፣ ሁለት አጭር «ቡድን ቀይር»፣ አንድ ረጅም «ወደኔ ኑ» ብንላቸው በአንድ ቀን ይይዙታል፤ ጉሮሮአችንም ይተርፋል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን ኳሱም ዝናቡም አይደለም። በትልቁ ጨዋታ ጊዜ ዳር ቆመው የሚቀሩት ልጆች ናቸው። «በሉ እንግዲህ ኳስ ተጫወቱ» ተብሎ 60 ልጅ በአንድ ኳስ ሲለቀቅ ጉልበተኞቹ አሥር ልጆች ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳር ይቆማሉ፤ ደካማው፣ ዓይኑ በቅጡ የማያየው፣ እግሩን የሚያመው የልብስ ጠባቂ ይሆናል። ይህ ደግሞ ከጨዋታ መጀመር ማለት አይደለም፤ መምህር ሥራውን ሲተው የሚሆን ነው። ሁለቱን እንዳናምታታ። ሦስት ለአንድ ውስጥ መደበቂያ የለም፤ አራት ልጅ ብቻ ነውና ያለ እሷ ቡድኑ ጎደሎ ነው። የአንዱ ልጅ እግር ካልቻለ ሕጉ ይቀየርለታል፤ እሱ በእጁ ያቀብል፣ ወይም እሱ ያለበት ቡድን በሦስት ቅብብል ነጥብ ያግኝ። ጓደኞቹ ይህን ሕግ ራሳቸው ሲያወጡለት አይተናል። የአሥር ዓመት ልጅ «ስፖርት የኔ አይደለም» ብላ አንዴ ከወሰነች ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ መልሶ ሜዳ ላይ ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ሴት እጩ መምህራን ጓደኞቻችንን መጠየቅ ይበቃል።

አሁን ተቃውሞውን እንስማ፤ ከመምህራኖቻችንም ከጓደኞቻችንም የሰማነው ነው። «ጨዋታ ብቻ ከሆነ ክህሎቱ መቼ ሊመጣ ነው?» ይላሉ። ጨዋታ ብቻ አላልንም። መልመጃው አለ፤ ቦታው ተቀየረ እንጂ። ጥያቄው ከተነሣ በኋላ ይመጣል፣ አጭር ይሆናል፣ ወደ ጨዋታው ይመልሳል። ሁሉም ትምህርት ደግሞ በዚህ መንገድ ይሰጥ አንልም። አሎሎና ጦር ሲወረወር ሰልፍም መስመርም ግድ ነው፤ ልጅ ከወርዋሪው ፊት ሲያልፍ «ራስህ ፈልስፈው» አይባልም። ወደፊት መገለባበጥን የሚማር ልጅ አንገቱን እንዴት እንደሚያጥፍ አስቀድሞ ይነገረው እንጂ አይሞክረው። እዚህ ላይ የድሮው ዘዴ ትክክል ነው፣ ይቀጥል። እኛ የምንለው ስለ ኳስ ጨዋታዎች፣ ስለ መሮጥ፣ ስለ መዝለልና መቅለብ ነው።

«አገራችን በሩጫ ዓለምን ያስደነቀችው በጨዋታ ነው እንዴ?» ያለንም አለ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ጨዋታ አልነበረም፤ ልክ ነው። ግን እኮ ከዚህ የምንማረው ሌላ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ከቤቱ ትምህርት ቤት ድረስ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይማር ነበር፤ ማንም አሰልፎ አላሯሯጠውም፤ ኑሮው ራሱ አሠለጠነው። የበቆጂው ስንታየሁ እሸቱ ደግሞ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ፤ ደራርቱንና ቀነኒሳ በቀለን ከመሳሰሉ ሯጮች ጋር ስማቸው የሚነሣው በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ልጆችን ማየት ስለቻሉ ነው። ልጆች ሲሮጡ ማየት የሚቻለው ደግሞ ሲሮጡ ነው፤ ቆመው ተራ ሲጠብቁ ማን ፈጣን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

በኳሱማ ታሪካችን ሌላ ነው። በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰድን። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ግን ወደዚያው ውድድር ለመመለስ እስከ 2005 ዓ.ም. 31 ዓመት ፈጅቶብናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ብቻውን ተጠያቂ ነው ብንል ያስቅብናል። ይሁን እንጂ ኳስ በእግር ብቻ ሳይሆን በዓይንና በውሳኔ የሚጫወቱት መሆኑን፣ ይህም በልጅነት የሚለመድ መሆኑን ማንም አይክድም።

እንግዲህ ከመምህራኖቻችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። አሁን በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርት ትምህርቱ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» ተብሎ ራሱን ችሎ ተቀምጧል፤ እኛም በማሠልጠኛው ስለ ተሳትፎአዊ ዘዴ ሳንሰማ የዋልንበት ቀን የለም። ነገር ግን በልምምድ ጊዜ የምንገመገምበት ቅጽ ሰልፉን፣ ጸጥታውንና የመምህሩን ድምፅ ነው የሚያየው። 15 ቡድን በአንድ ጊዜ ሲጫወት ጫጫታ አለ። ሳቅ አለ፣ ጭቅጭቅም አለ። በዚህ ቅጽ ሲታይ «ክፍሉን መቆጣጠር አልቻለም» ይባላል። ነጥቡ ከዲፕሎማችን ላይ የሚቀነስ ስለሆነ ብዙዎቻችን የተማርነውን ትተን ወደ ሰልፉ እንመለሳለን። በግልጽ እንናገር፤ ጓደኞቻችን ጨዋታን የሚፈሩት አያስተምርም ብለው አይደለም፤ ነጥብ ያስቀንሳል ብለው ነው።

ስለዚህ ገምጋሚው መምህር ከቅጹ በተጨማሪ አንድ ወረቀት ይዘው እንዲመጡ እንለምናለን። ከሜዳው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ጎበዝ ያልሆኑትን፣ በዓይናቸው ይምረጡ። 40ውን ደቂቃ ሙሉ ኳስ በነኩ ቁጥር አንድ ጭረት ያስምሩላቸው። በመጨረሻ ጭረቱን ይቁጠሩና ለእጩ መምህሩ ያሳዩት። ከዚያ በኋላ ስለ ጫጫታው የፈለጉትን ይበሉ፤ እንቀበላለን። ጭረቱ ሁለት ከሆነ ግን ጸጥታው ስንት ነጥብ እንደሚያወጣ እንነጋገርበት።

በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ከፈቀደ በታችኛው ሜዳ፣ ካልፈቀደም በአዳራሹ፣ ሦስት ለአንድን ለፈቃደኞች እናሳያለን። መምህራኖቻችን ቢገኙልን ደስ ይለናል፤ ጭረቱን እንዲይዙልን ወረቀትና እርሳስ አዘጋጅተናል። ሌሎቻችሁ ያረጀ ካልሲ ይዛችሁ ኑ። የታጠበ ቢሆን ይመረጣል።